«ቻይው፣ መስቀልሽ ነው»፦ ስለ መከራና ስለ አገልግሎት ተሳስተን የምንላቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ ስለ እግዚአብሔር ለማውራት ዐውደ ምሕረት አያስፈልግም። ባጃጅ ውስጥ ይወራል፣ ቡና ላይ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል። ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ ከሚወራው ውስጥ የተጎዳን ሰው ደግሞ የሚጎዳ መኖሩ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ነው የሚነገረው።

ክርስቲያን እግዚአብሔርን እንዲያገለግል፣ መከራ ሲመጣም በእምነት እንዲጸና ተጠርቷል። በዚህ የሚከራከር የለም። ጌታችንም «በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ» ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ግን በዚህ ላይ እኛ የጨመርነው ብዙ ነው። ጎንደር ውስጥ ደጋግሜ ከምሰማቸው ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ይሄ ሁሉ የወረደበት አንድ የደበቀው ኃጢአት ቢኖር ነው»

ይህን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ድንኳኑ ጥግ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ንፍሮ እየዘገኑ ነው የሚባለው። ልጅ የሞተባት እናት፣ ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ፣ ለታገተ ዘመዱ ገንዘብ ሲለምን የከረመ ቤተሰብ፣ ሁሉም በዚህ ይመዘናል። «እንዲያው ዝም ብሎ አይመጣም እኮ።»

ደቀ መዛሙርቱም እንዲሁ አስበው ነበር። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት?» ብለው ጠየቁ። የጌታ መልስ እሱም አልሠራም፣ ወላጆቹም አልሠሩም የሚል ነው (ዮሐንስ 9)። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎችም ሲናገር፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳይመስሏችሁ አለ (ሉቃስ 13)። ከዚህ በላይ ግልጽ ንግግር ከየት ይምጣ?

የኢዮብን ወዳጆች ደግሞ አስቧቸው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እስከዚያ ድረስ አንደኛ ለቀስተኞች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው «እኔን ምን አደረግሁህ?» ሲል በነበረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ቆመናል ባሉት በእነሱ ላይ ነው። ለቅሶ ስንሄድ ይህን ብናስታውስ ብዙ ንግግር ይቀርልን ነበር።

«እምነቱ የጠና ሰው ክፉ አይነካውም»

እዚህ ላይ የራሳችንን ታሪክ እናምጣ። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተረፈች። አባቶች እንደሚነግሩን የንብ መንጋ ወጥቶ ነው ጠላትን የመለሰው። ይህን ታሪክ ጎንደር ተወልዶ ያልሰማ ልጅ የለም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ አልሰለቸኝም።

ግን ታሪኩን ስንተርክ ግማሹን እንዘለዋለን። ጎንደር «አርባ አራቱ ታቦት» የሚባልባት ከተማ ናት። ያን ጊዜ አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ነዷል። ሰው ተገድሏል፣ ብዙው ተማርኮ ተወስዷል። እነዚያ የነደዱት አድባራት ውስጥ ኪዳን አይደርስም ነበር? ማኅሌት አይቆምም ነበር? እዚያ የሞቱት ካህናት እምነታቸው ከደብረ ብርሃኖቹ ያንስ ነበር? እንዲህ ብሎ የሚደፍር ጎንደሬ አላውቅም። «ንቡ የመጣው ስለ እምነታቸው ነው» ስንል ግን ሳናውቀው ይህንኑ እያልን ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን አንብቡት። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። ጴጥሮስን ደግሞ አሰረው፣ መልአክ መጥቶ ሰንሰለቱን ፈትቶ አወጣው። አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ንጉሥ፣ ሁለቱም ሐዋርያት። ለምን አንዱ ሞተ አንዱ ተፈታ? መጽሐፉ አይናገርም። ዕብራውያን 11 ላይም እንዲሁ ነው፦ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ፣ በዚያው በእምነት በሰይፍ የተገደሉ አሉ። ሁለቱም ወገን እዚያው የእምነት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነው የተጻፈው። ቅዱስ ጳውሎስም ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተወሰደለትም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። «በደንብ ብትጸልይ ኖሮ» የሚል ሰው ጳውሎስን ምን ሊለው እንደሚችል ማየት እፈልጋለሁ።

«መታገሥ ማለት ዝም ብሎ መሸከም ነው»

ይሄኛው ነው ከሁሉም የሚያናድደኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ባሏ የሚደበድባት ሴት አለች እንበል። የምናውቃት ዓይነት ናት፣ በየሰፈሩ አለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነው ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት የምትሄደው። እናቷ ጋ ስትሄድ «ቻይው ልጄ፣ የሁሉም ቤት እንዲህ ነው» ትባላለች። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ያስታርቃል፣ ይመርቃል፣ ይበተናል። በሳምንቱ ያው ነው። እና አንድ የተማረ ሰው፣ ያውም አገልጋይ፣ «መስቀልሽ ነው፣ አክሊል ታገኚበታለሽ» ይላታል።

ኧረ በሕግ! መስቀል ክርስቶስን ስለተከተልን የምንሸከመው እንጂ ሰው ሰክሮ መጥቶ ጀርባችን ላይ የሚጭንብን አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ እኮ ለባሎች ሚስቶቻችሁን አክብሩ፣ አለዚያ ጸሎታችሁ ይከለከላል ብሏቸዋል (1ኛ ጴጥሮስ 3፥7)። ይህን ጥቅስ በሽምግልና ላይ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም። ለሴቷ የሚጠቀሰው ግን ስንት ነው!

ደግሞስ ሐዋርያቱ መከራ ሲመጣ ሁልጊዜ ቆመው ይጠብቁ ነበር ያለው ማነው? ጌታ ራሱ «በአንዲት ከተማ ቢያሳድዷችሁ ወደ ሌላዪቱ ሽሹ» ብሏል። ጳውሎስን እንመልከት፣ ከእሱ በላይ መከራ የጠገበ ሰው የለምና። ደማስቆ ላይ ሊገድሉት በሩን ሲጠብቁ በሌሊት በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ ወርዶ አመለጠ። ኢየሩሳሌም ላይ ሊገርፉት ጠፍረው ሲያስሩት «የሮም ዜጋን ያለ ፍርድ መግረፍ ተፈቅዶላችኋል?» አላቸው፤ አለቃውም ደነገጠ። ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሊገድሉት ሲማማሉ የእህቱ ልጅ ሰምቶ መጣ። ጳውሎስ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ አልተኛም፣ ልጁን ወደ ሻለቃው ልኮ አስነገረ። ፊስጦስ ፊት ደግሞ «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብያለሁ» አለ። በዛሬ ቋንቋ ሸሽቷል፣ ለፖሊስ አመልክቷል፣ ይግባኝ ጠይቋል።

ከሁሉም የምወደው ፊልጵስዩስ ላይ ያደረገውን ነው። ከሲላስ ጋር ያለ ፍርድ ተገርፈው ታሰሩ፣ በእኩለ ሌሊት ዘመሩ፣ እስር ቤቱ ተናወጠ። እዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስብከቱም እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ሲነጋ ሹማምንቱ «ፍቷቸው፣ ይሂዱ» ብለው ላኩ። ጳውሎስ ግን እምቢ አለ! በአደባባይ ደብድበው በስውር ሊያስወጡን? ራሳቸው ይምጡና ያውጡን አለ። መጡም፣ ለመኗቸውም። ሌሊት ሲዘምር የነበረውና ጠዋት መብቱን የጠየቀው አንድ ሰው ነው። ሁለቱም ጽናት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ከቤት መውጣት እምነት ማጣት አይደለም። ፖሊስ ጋ መሄድም ኃጢአት አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ስትነግሪም የሆነውን በሙሉ ንገሪ እንጂ የባልሽን ስም ለመጠበቅ አታሳጥሪው።

«ማልቀስና ማማረር እምነት ማነስ ነው»

የሰፈራችን እናቶች ዳዊት ይደግማሉ። በየቀኑ ነው። እስኪ ምን እያሉ እንደሆነ ልብ ብላችሁ ስሙ፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይህ ቅሬታ ነው። ለእግዚአብሔር የቀረበ ቅሬታ፣ በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ። መዝሙር 87 (በሌላው ቁጥር 88) ጭራሽ ሳይጽናና ነው የሚዘጋው። ነቢዩ ኤርምያስ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኗል፣ አልአዛር መቃብር ላይም አልቅሷል፣ ያውም ሊያስነሣው እየሄደ።

ኤልያስ ደግሞ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተጋድሞ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ ምን አደረገ? አልገሠጸውም፣ አልሰበከውም። የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። «በቃኝ» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ መጀመሪያ በልቷል ወይ፣ ተኝቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ስብከቱ ይደርሳል።

«ጸበል የያዘ ኪኒን አይውጥም»

ይሄኛው አጭር ነው። መጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ አስተምረዋል። የጤና ኮሌጅ ቀድማ ያቋቋመች ከተማ ውስጥ ይህን ዛሬም መከራከራችን ይገርመኛል። መድኃኒት አስጥሎ የሞተ ሰው ሲኖር «አምላክ ጠራው» ማለት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

«ብዙ የተሰቃየ ብዙ ይጸድቃል»

ባእታ አካባቢ ጠዋት ቆሎ ተማሪ ታያላችሁ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያገኛትን ቁራሽ ያደርቃታል። ችግሩን አይተን «እንዴት ያለ ጽድቅ ነው!» እንላለን። ልጁን ራሱን ብትጠይቁት ግን ስለ ረሃቡ አያወራችሁም። አቋቋሙን፣ የኔታ ትናንት ያረሙትን፣ ገና ያልያዘውን ቁም ዜማ ነው የሚያወራችሁ። ረሃቡን የቻለው ለትምህርቱ ነው፤ ረሃቡ ራሱ ትምህርት ሆኖ አይደለም። ጠግቦ ቢማር እግዚአብሔር አይከፋም። ሥጋዬን ለእሳት መቃጠል አሳልፌ ብሰጥ ፍቅር ግን ከሌለኝ ምንም አይጠቅመኝም ያለውም ሐዋርያው ነው።

ደግሞ በራሳችን ጥፋት የሚመጣ መከራም አለ፣ አንደባብቅ። ቅዱስ ጴጥሮስ እንደ ነፍሰ ገዳይ፣ እንደ ሌባ፣ «በሌሎች ጉዳይ እንደሚገባ» ሆናችሁ መከራ አትቀበሉ ይላል። በሰው ጉዳይ ጥልቅ የሚለውን ከነፍሰ ገዳይ ጋር አንድ መስመር ላይ ማስቀመጡ ሁሌም ያስቀኛል። ግን እውነቱን ነው። ከኮሚቴው ሁሉ ተጣልቶ፣ ከሁሉም ጋር ተሰዳድቦ፣ ሲገፉት «ስለ እውነት እየተሰደድሁ ነው» የሚል አገልጋይ የማያውቅ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ?

«አገልጋይ ማለት ቄስ፣ ዲያቆን፣ ዘማሪ ነው»

ጎንደር የሊቃውንት አገር ስለሆነች ይህ ይጸናብናል። ያልቀደሰ፣ ያልዘመረ፣ ማኅሌት ያልቆመ «እኔ ምን አገለግላለሁ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ዲያቆናት እነ እስጢፋኖስ ግን የተመረጡት ለማዕድ አገልግሎት ነው (የሐዋርያት ሥራ 6)። ምግብ ሲከፋፈል መበለቶች ተዘነጉ የሚል ቅሬታ ስለተነሣ። ማቴዎስ 25 ላይም የሚጠየቀው ተርቤ አበላችሁኝ ወይ፣ ታስሬ ጠየቃችሁኝ ወይ ነው።

ለጥምቀት ታቦት ፊት ምንጣፍ እያነጠፉና እየጠቀለሉ የሚሮጡትን ወጣቶች ሁሉም ፎቶ ያነሣቸዋል፣ ይገባቸዋልም። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሃይላንዱ ፕላስቲክ ክምር ነው። ጆንያ ይዞ የሚለቅም ሰው ሁልጊዜ ያጥራል። ድምፅ አያስፈልገውም፣ ግእዝ አያስፈልገውም። ለቆሎ ተማሪውም ቢሆን የደረቀውን ፈልጎ ከመስጠት ትኩሱን መስጠት ነው፤ ሽሮ ካለ ሽሮውንም ጨምሩለት። የታመመ ጎረቤት በባጃጅ ሆስፒታል አድርሶ ሂሳብ ያልተቀበለ ሾፌርም በዚህ መዝገብ ውስጥ አለ፣ ማኅሌት ቆሞ ባያውቅም።