የዲፓርትመንት ምደባ ምንድን ነው?

ዩኒቨርሲቲ መግባት ሌላ፣ የሚፈልጉትን ትምህርት ማግኘት ሌላ። ደሴም ሆነ ኩታበር ብዙ ወላጅ ይህን የሚረዳው ልጁ ገብቶ አንድ ሴሚስተር ከተማረ በኋላ ነው። «ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው፣ ሐኪም ሊሆን ነው» ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ልጁ ግን ገና ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። ትልቁ ፉክክር ከፊቱ ነው።

የዲፓርትመንት ምደባ ማለት ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በውጤት ደርድሮ፣ ምርጫቸውን እያየ፣ ባለው ቦታ ልክ ወደየትምህርት ክፍሉ የሚመድብበት አሠራር ነው። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ አዲስ ገቢ መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል። እንግሊዝኛ፣ ማትስ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ይማራል። ምደባው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቦታው ለምን ያንሳል? ሜዲስን በክፍል ብቻ አይማሩትም። ተማሪው ሆስፒታል ገብቶ፣ ከታማሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ የሚያስተምረው ሐኪም ያስፈልገዋል። የሶፍትዌር ተማሪ ኮምፒውተር፣ የኬሚካል ተማሪ ላብራቶሪ ይፈልጋል። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተዘረፈውና የወደመው ንብረት ደግሞ ይህን ችግር ምን ያህል እንዳባሰው የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ደረጃው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር ነው፤ ከ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትና ከፍሬሽማን ጂፒኤ (ከ4 ከሚታሰበው የኮርሶች አማካይ ውጤት)። የየዩኒቨርሲቲው ክፍፍል ይለያያል። ለምሳሌ 50 ለ50 ነው እንበል። አንዷ ከ600 ውስጥ 480 አምጥታ ገባች፤ ጂፒኤዋ ግን 3.1 ሆነ። ሌላዋ 420 ይዛ መጣች፤ ጂፒኤዋ 3.5 ነው። ሁለቱንም ውጤት ከ50 ከ50 አድርጋችሁ ስትደምሩት ሁለቱም ከ100 78.75 ያገኛሉ። የ60 ነጥቡ ብልጫ በአንድ ሴሚስተር ተበላ!

ስለዚህ «ሎጂክ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የምፈልገው ባዮሎጂ ነው» የሚል ልጅ ሳይ ያመኛል። ክሬዲት የኮርሱ ክብደት ነው። ሴሚስተሩ 18 ክሬዲት ከሆነ፣ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከቢ ወደ ኤ ሲያድግ ከላይ ባለው ስሌት 2 ነጥብ ገደማ ይጨምራል። ለምደባው ሳይኮሎጂም ማትስም ያው ክሬዲት ናቸው። በሚፈለጉት ዲፓርትመንቶች ሰው የሚለያየው ደግሞ በነጥብ ክፍልፋይ ነው። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከታዳጊ ክልሎች ለመጡ ተማሪዎች በብዙ ቦታ የድጋፍ ነጥብ አለ፤ የሚገባችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ።

አሁን ወደ ምርጫው። በተለመደው አሠራር ከላይ ያለው ተማሪ ቀድሞ ይታያል፤ ከምርጫዎቹ ውስጥ ቦታ ያለው የመጀመሪያው ይሰጠዋል። ከዚያ ቀጣዩ። እንዲህ ከሆነ የልባችሁን አንደኛ ላይ መጻፍ ምንም አያስቀጣም። እሱ ባይደርሳችሁ ወደ ሁለተኛው ትወርዳላችሁ እንጂ ተራችሁን አታጡም። አንዳንድ ቦታ አንደኛ ምርጫ ያደረጉትን የሚያስቀድም አሠራር ሊኖር ስለሚችል፣ ከመሙላታችሁ በፊት ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ሄዳችሁ አጣሩ። ሲኒየር የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሙሉ።

ብዙ ልጅ የሚጎዳው ከታች ባሉት ምርጫዎች ነው። ሦስቱን በጥንቃቄ ይጽፋል፣ የቀረውን ከዶርም ጓደኛው ይገለብጣል። ውጤቱ ሲለጠፍ ስምንተኛው ይደርሰዋል፤ አራት አምስት ዓመት የሚማረውን ትምህርት የመረጠለት ጓደኛው ሆነ ማለት ነው። ኢንጂነሪንግ ከሆነ ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ያሉትን ተማሪዎች አነጋግሩ። «ቴክስታይል ምንድን ነው?» በሉ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ ይህን ሳይጠይቁ መጨረሻ ላይ መጻፍ ያሳዝናል።

«አምና ሜዲስን የቆረጠው በዚህ ነጥብ ነው» የሚለውንም ብዙ አትመኑት። መቁረጫ ነጥብ ቀድሞ አይወሰንም፤ የመጨረሻውን ቦታ ያገኘው ልጅ ውጤት ነው። የተወዳዳሪው ብዛት ሲለወጥ እሱም ይለወጣል። ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. አገር አቀፉን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል።

ምደባው ከወጣ በኋላ የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው። ስሌቱ ከተጠራጠራችሁ ግሬድ ሪፖርታችሁንና የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን ይዛችሁ በዚያው ሰሞን አመልክቱ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዲፓርትመንት መቀየር በጣም ይከብዳል።