«የተበላሸውን ነው የሚልኩልን»፦ በሰሜን ሸዋ ስለ ክትባት የሚባለውና እውነታው

ልጅ አዝላ ጤና ኬላ የደረሰች እናት ብትጠራጠር ክትባት ጠልታ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጠይቃ መልስ ስላላገኘች ነው። «ዝም ብለሽ አስከትቢ» ደግሞ መልስ አይደለም። በየቡናው የሚነሱትን እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ለእኛ የሚመጣው የተበላሸው ነው።»

የሸዋሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ባለሙያዋ ያንን ቀዝቃዛ ሳጥን አንግታ የምትዞረውም ለዚሁ ነው። ግን በቃሏ ብቻ ማመን የለብንም። ብልቃጡን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ትንሽ ክብ ምልክት አለች፤ መሀሏ ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኗ ከክቧ ነጣ ካለች ክትባቱን ሙቀት አላበላሸውም። ሙቀት ባገኛት ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች። ከክቧ ጋር እኩል ከጠቆረች ወይም ከበለጠች ያ ብልቃጥ ይጣላል። ይህን ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። «እስኪ አሳይኝ» ማለት መብት ነው። ባለሙያዎቹም ሳይጠየቁ ቢያሳዩ ስንቱ ሐሜት በቀረ!

የመንዝ ሰው ደግሞ «እኛ ጋ ብርድ ስለሆነ ችግር የለም» እንዳይል። አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት በረዶ ከሠራ ይበላሻል።

«ኩፍኝ የያዘውን ልጅ መርፌ ከነካው ይሞታል።»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያሳስበኝ። ልጁን ጨለማ ቤት አስተኝቶ፣ ሰው እንዳያየው ከልሎ መጠበቅ እስከ ዛሬ አለ። ኩፍኝ የሚገድለው በሳንባ ምችና በተቅማጥ ነው። ዓይንም ያጠፋል። ጤና ጣቢያ ከሄደ የሚዋጥ ቪታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል፤ ሳንባ ምች ከያዘውም ይታከማል። ቤት የተደበቀው ልጅ ይህ ሁሉ ይቀርበታል። ከዚያ በፊት ደግሞ ክትባቱ አለ፤ በ9 ወሩ አንዴ፣ በ15 ወሩ ሁለተኛው። ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

«ጸበሉ ይበቃዋል።»

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ልጁን አስከትቦ ቢሄድ ከእምነቱ ምን ይጎድላል? ምንም። እንዲያውም ከየአገሩ የመጣ ሰው አንድ ላይ በሚያድርበት ቦታ ኩፍኝ በትንፋሽ ይዛመታል። ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ሰው ክትባቱ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

«ልጃገረዶችን ያመክናል።»

አያመክንም። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ ይከላከላል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ካንሰር ይሄ ነው። ማህፀን የሚያሳጣው በሽታው ነው።

«የድሮ ሰው ያለ ክትባት ኖሯል።»

የኖረው ኖሯል፤ የሞተው ግን ዛሬ አብሮን ቡና አይጠጣም። ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ አዛውንት ካላችሁ ጠይቋቸው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። በክትባት ነው የጠፋው።

«ተከትቦ አተኮሰው፤ በሽታውን ሰጡት።»

ሰውነት መከላከያውን ሲያዘጋጅ ለአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ከባድ ችግር አልፎ አልፎ ይከሰታል፤ የለም ብሎ መዋሸት አያስፈልግም። ልጁ ካንቀጠቀጠው ወይም ትኩሳቱ አልበርድ ካለ ወዲያው ይዞ መሄድ ነው።

«ቀጠሮው ካለፈ በቃ አለፈ።»

አላለፈም። መንገድ ተዘግቶም ይሁን አዝመራ ላይ ተከርሞ፣ ክትባቱ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀመርም። የዘገየች እናት ሰው ፊት መቆጣት ግን ይቅር፤ የተቆጧት እናት በሚቀጥለው አትመጣም። ካርዱ ቢጠፋም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጤና ኬላው መዝገብ ይፈለጋል።