የሮም ጌቶ ምንድን ነው?

ጌቶ ማለት አንድ ሕዝብ በሕግ ተገድዶ ከሌላው ተለይቶ የሚኖርበት፣ ዙሪያው የታጠረ፣ በሩ ማታ የሚቆለፍ ሰፈር ነው። ድህነትና መጨናነቅ በጌቶ ውስጥ ሞልተው ነበር፤ ጌቶን ጌቶ ያደረገው ግን አዋጁ ነው። በአውሮፓ በዚህ ስም የታወቀው የመጀመሪያው የአይሁድ ጌቶ በ1516 በቬኒስ ተቋቋመ። የሮሙ በ1555 ተከተለና ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ታሪክ ሮም ውስጥ በአንድ ቀን በእግር ዞሮ ማየት ይቻላል። አስጎብኚ ይዞ መሄድን አጥብቄ እመክራለሁ፤ የጌቶው አብዛኛው ክፍል ስለፈረሰ ቤቱ የት፣ በሩ የት እንደነበረ የሚያሳይ ሰው የሌለው ጎብኚ ምሳውን በልቶ ከመመለስ በቀር የሚያየው ጥቂት ነው።

ጥሩ አስጎብኚ ከጌቶው ሳይሆን ከሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ከጥጦስ የድል ቅስት ይጀምራል። በቅስቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሮም ወታደሮች በ70 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ተሸክመው ሲያልፉ ተቀርጿል፤ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ፣ የኅብስቱ ገበታ፣ መለከቶቹ። ኦሪትን ያነበበ ሰው ዕቃዎቹን በስማቸው ያውቃቸዋል። አይሁድ ግን ሮምን ያወቋት በምርኮ ብቻ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሁለተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በከተማዋ ይኖሩ ነበር። በአውሮፓ ሳይቋረጥ በመኖር የሚቀድማቸው የአይሁድ ማኅበረሰብ የለም። በልማዳቸው በዚህ ቅስት ሥር አያልፉም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ1947 መጨረሻ ፍልስጥኤምን በአይሁድና በዐረብ መንግሥት ለሁለት ለመክፈል ሲወስን ግን እዚሁ ተሰብስበው ደስታቸውን ገለጹ።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከቅስቱ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ጎራ ቢል ጥሩ ነው፤ በእግር ሩቅ አይደለም። የፋሺስት መንግሥት በ1937 ያጋዘው የአክሱም ሐውልት በ2003 እስኪነቀል ድረስ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፤ አገሩ የገባው በ2005 ነው። የተዘረፈን ቅርስ ወደ ሮም አምጥቶ ለሕዝብ የማሳየት ልማድ ከመቅረዙ እስከ ሐውልቱ አሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ዘልቋል።

ከዚያ ወደ ጌቶው። ጁላይ 14 ቀን 1555 በዚያን ዘመን ሮምን ያስተዳድሩ የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ ያወጡት አዋጅ እስከ ትንሹ ነገር የተዘረዘረ ነበር። አይሁድ በአንድ ሰፈር ብቻ ይኖራሉ። ምኵራባቸው ከአንድ አይበልጥም። ቤትና መሬት መያዝ አይችሉም፤ ያላቸውንም ለክርስቲያን ይሸጣሉ። ወንዱ ቢጫ ቆብ ያደርጋል፤ ሴቷም የራሷ ምልክት አላት። ሐኪሞቻቸው ክርስቲያን ታማሚ አያክሙም። ንግዳቸው አሮጌ ልብስና ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ድሃ ክርስቲያን እንኳ አይሁዳዊን «ጌታዬ» ብሎ እንዳይጠራው ተከለከለ። የተሰጣቸው ቦታ ቲቤር ወንዝ በሞላ ቁጥር ውኃ የሚገባበት ዝቅተኛ ዳርቻ ነበር፤ የሚዘጋባቸውን ግንብ ወጪ የከፈሉትም ራሳቸው ናቸው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቤቱ ጉዳይ ነው። ቤት መያዝ ስለተከለከለ የጌቶው ቤቶች ሁሉ የክርስቲያን ንብረት ነበሩ፤ መሄጃ የሌለውን ተከራይ ደግሞ አከራዩ እንደፈለገ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ለመከላከል ሐዛቃ የሚባል የጥንት የአይሁድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፤ በኋላም ርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳቱ ራሳቸው አጸደቁት። ኪራዩ አይጨመርም፤ ተከራዩም የሚከፍለውን እስከከፈለ ድረስ አይባረርም። የመከራየት መብቱ ለልጅ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ለሴት ልጅ ጥሎሽ ሆኖ ይሰጣል። የራሱ ያልሆነን ቤት ቁልፍ ለሙሽራ ልጁ የሚሰጥን አባት ማሰብ ነው። ቤተሰብ ሲበዛ መስፋት ስለማይቻል ቤቶቹ ፎቅ በፎቅ እየተደረበ ወደ ላይ አደጉ፤ ጠባቦቹ መንገዶች ፀሐይ አጡ።

ለምኵራቡ ክልከላም መላ አልጠፋም። ከስፔንና ከሲሲሊ የተሰደዱት አይሁድ ከጥንቶቹ የሮም አይሁድ ጋር የጸሎት ሥርዓታቸው ይለያይ ነበር። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር አምስት የጸሎት ቤት አደራጁ፤ ለሕጉ አንድ ሕንፃ፣ ለእነርሱ አምስት ምኵራብ። ሕንፃው በ1893 ተቃጥሎ በኋላ ፈረሰ። የአምስቱ መታሰቢያ የቺንኩዌ ስኮሌ («አምስቱ ምኵራቦች») አደባባይ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

በጌቶው ጫፍ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ሳን ግሬጎሪዮ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከበሯ በላይ በዕብራይስጥና በላቲን ከኢሳይያስ ምዕራፍ 65 የተወሰደ ጥቅስ ተጽፏል፤ እግዚአብሔር ወደ ዓመፀኛ ሕዝብ ቀኑን ሁሉ እጆቹን እንደዘረጋ የሚናገረው ክፍል ነው። ጽሑፉ ከጌቶው ለሚወጣ አይሁዳዊ ታስቦ የተቀመጠ ነው፤ በራሱ ነቢይ ቃል፣ በራሱ ቋንቋ ይወቀሳል። ከ1584 ጀምሮ ደግሞ አይሁድ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የሚሰበክ ስብከት በግድ እንዲያዳምጡ ታዘዙ። ብዙዎች ጆሯቸውን በሰም ይደፍኑ ነበር ይባላል። ግዴታው የተነሣው በ1847 ነው። እዚህ በር ፊት ቆሞ ጽሑፉን ቃል በቃል ማስተርጎም ጊዜ ቢወስድም አይዘለል።

ግንቡ በ1848 ፈረሰ፤ ሙሉ የዜግነት መብት የመጣው ግን የኢጣሊያ ጦር በ1870 ሮምን ከጳጳሳቱ አስተዳደር ከወሰደ በኋላ ነው። የተጨናነቁት ቤቶችም ፈርሰው በቦታው ታላቁ ምኵራብ በ1904 ተመረቀ። ጉልላቱ አራት ማዕዘን ነው፤ የሮም አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ክብ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ከሥሩ ያለው የአይሁድ ሙዚየም የጌቶው ጨርቅ ነጋዴዎች ሥራ የሚታይበት ነው። ከመኳንንት ቤት የወጣ ያረጀ ሐርና ቬሉዶ ገዝተው፣ የሳሳውን ቆርጠው፣ ደኅናውን ሰፍተው ለኦሪት ጥቅልል ልብስ አደረጉት። የሚያሳፍር ተብሎ የተተወላቸው ሥራ ያስገኘውን ውበት በዐይን ማየት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ክፍል ከባድ ነው፤ ለእኛም ይቀርበናል። ፋሺስቶች በዘር ላይ የተመሠረተ ሕግ ማውጣት የጀመሩት በአይሁድ ላይ አልነበረም። በኤፕሪል 1937 የወጣው አዋጅ አንድ ኢጣሊያዊ ከኢትዮጵያዊት ወይም ከሌላ የቅኝ ግዛት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይፈርድበት ነበር። በኖቬምበር 1938 የወጣው ሕግ ደግሞ የኢጣሊያ አይሁድን ከሌላው ዜጋ ጋር እንዳይጋቡ ከለከለ፤ ከመንግሥት ሥራና ከጦር ሠራዊቱም አስወጣ፤ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት የተባረሩትም በዚያው ዓመት ነው።

በ1943 ጀርመኖች ሮምን ሲይዙ የናዚው የኤስኤስ ኃይል አዛዥ ሄርበርት ካፕለር የሮም አይሁድ 50 ኪሎ ወርቅ በ36 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጡት ጠየቀ፤ ካልሆነ ሰዎችን ወደ ግዞት እንደሚልክ ዛተ። ሰዉ ቀለበቱንና ሐብሉን እያወለቀ ሞላለት፤ ክርስቲያን ጎረቤቶችም አዋጡ። ወርቁ ከተሰጠ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 16 ቀን ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ወታደሮች ሰፈሩን ከበው ከ1,200 በላይ ሰው ያዙ። ከሁለት ቀን በኋላ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት በባቡር ወደ ናዚዎቹ የሞት ካምፕ ወደ አውሽቪትዝ ተጋዙ። የተመለሱት 16 ናቸው፤ ከእነርሱም ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ከሕፃናቱ አንድም አልተመለሰም። በፖርቲኮ ዶታቪያ ጥንታዊ አምዶች ፊት ያለው ስፍራ ዛሬ በዚያ ቀን ይጠራል። በአካባቢው ደጃፎች ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክሉ የናስ ንጣፎች ተቀብረዋል፤ «እዚህ ይኖር ነበር» ይላሉ፤ ከሥሩ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የተያዘበት ቀንና የተገደለበት ቦታ። ጎንበስ ሳይሉ ማንበብ አይቻልም።

በድልድዩ ተሻግሮ ያለው የቲቤር ደሴት ሆስፒታልም መታየት አለበት። ሐኪሙ ጆቫኒ ቦሮሜዮና ባልደረቦቹ አይሁድን ሸሽገው «የኬ በሽታ» የሚባል ተላላፊ ሕመም የያዛቸው ታማሚዎች ናቸው አሉ። እንዲህ ያለ በሽታ የለም፤ ወታደሮቹ ግን ፈርተው ክፍሉ አልገቡም።

ለሚሄድ ሰው፦ ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ምኵራቡም ሙዚየሙም ለጎብኚ ዝግ ናቸው፤ ዓርብም ሥራ ቀደም ብሎ ስለሚቆም ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለው ቀን ይመረጣል። በ1982 ታጣቂዎች ከጸሎት በሚወጡ ምእመናን ላይ ጥቃት አድርሰው የሁለት ዓመት ሕፃን ስለገደሉ ጥበቃው ጥብቅ ነው፤ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ፣ ለቦርሳ ፍተሻም ጊዜ መተው ያሻል። ምሳ እዚያው ሰፈር ነው፤ በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ የሚከፈተው አርቲቾክ የሚባለው አትክልት የሮም አይሁድ ምግብ ነው። ከጥጦስ ቅስት ማለዳ ለጀመረ ሰው ምሳው ከሳን ግሬጎሪዮ ቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ከሙዚየሙ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው።