«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፤ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት»

ይህን አባባል ቃል በቃል የሚያምን ሰው ነሐሴ 14 ቀን ጃንጥላውን ቤት ትቶ ይወጣል፤ በስብሶም ይመለሳል። ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13 ቀን ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። በቡሄ ማግስት ገና ከአንድ ወር በላይ ክረምት አለ ማለት ነው። ታዲያ «የለም ክረምት» ያሉት አባቶች ዝናቡን ሳያዩት ቀርተው ነው? ሰማይ እያየ የሚያርስ ገበሬ እንዲህ ያለውን ነገር ይስታል ማለት ዘበት ነው።

ምስጢሩ ያለው በሁለተኛው ስንኝ ነው። «ከነጋ የለም ሌሊት» አላሉም፤ እሱንማ ማን ያጣዋል? ያሉት «ዶሮ ከጮኸ» ነው። ዶሮ ሲጮኽ ደጁ ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ጅብም ወደ ጎሬው አልገባ ይሆናል። ድምፁን የሰማች ባለቤት ግን ሌሊቱን እንዳለቀ ቆጥራ ተነሥታ እሳት ታያይዛለች። ቡሄም ለክረምቱ እንደዚያ ነው፦ ዝናቡ አላባራም፣ ጉልበቱ ግን ዝሏል። ቤተ ክርስቲያንም ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ያለውን የክረምት ክፍል «ጎሕ ጽባሕ» ትለዋለች፤ የንጋት ወገግታ ማለት ነው። ስለዚህ የዶሮው ጩኸት ቤት ለመምታት ብቻ የገባ አይመስለኝም።

ከቀኖች ሁሉ ቡሄ የተመረጠው በሁለት ነገር ነው፤ በብርሃንና በዳቦ። በዓሉ ክርስቶስ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ብርሃኑ ያልጠፋባቸው እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘውላቸው ሄዱ። የችቦውና የሙልሙሉ ነገር ከዚህ ይያያዛል፤ ጅራፉም የራሱ ትርጓሜ አለው፣ ለዛሬ ይቆየን።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሙልሙሉ ነው። ነሐሴ ለዳቦ ጋጋሪ ከወራት ሁሉ ክፉው ነው። ያምናው ስንዴ ከጎተራው ተሟጧል፣ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። እንጨቱ እርጥብ፣ ኩበቱ ያልደረቀ፤ እሳቱ ከመንደዱ በፊት ቤቱ በጭስ ይታፈናል። ብርዱ ሊጡን አላስነሣ ስለሚለው ቡሃቃው በጋቢ ተጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ያድራል። በዚያ ላይ ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይነካም። የቀረው ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፣ እርሾ፣ ካለም ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ነው።

ይጋገራል ግን። ከሊጡ በእጅ እየተቆነጠረ በመዳፍ መካከል ይድቦለቦላል፤ መሀሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ይላል። ምጣዱ ላይ ተደርድሮ አክንባሎ ይከደንበታል፣ አንድ ወገኑ ሲበስል ይገለበጣል። ዋናው ነገር ደግሞ መጠኑ ነው። ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ለቤተሰብ ይከፋፈላል፤ ሙልሙል ግን ለአንድ ልጅ አንድ ነው፣ ሙሉውን የራሱ ያደርገዋል። «ሆያ ሆዬ» እያለ ደጅ የቆመ ልጅ ትኩሱን ተቀብሎ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያገላበጠ ሲሮጥ ማየት ነው። የክርስትና አባትና እናትም ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል ያዘጋጃሉ። እንግዲህ አባባሉን የምናውቀው በዚህ ሽታ ውስጥ ነው፤ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ጎተራው ሳይሞላ፣ ዳቦው ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጳጉሜን ስድስት ካልሆነች በስተቀር ለእንቁጣጣሽ የሚቀረው 23 ቀን ነው።

አባባሉ በአነጋገር ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ማበረታቻ ነው፤ የሰነበተ በሽተኛ ተነሥቶ አጥሚት ሲጠይቅ፣ የመጨረሻ ፈተና የቀረው ተማሪ ሲሰለች ይባላል። ሁለተኛው ቆንጠጥ ያደርጋል፦ ጊዜው ደርሷል፣ ዝናቡን እያሳበብህ አትቀመጥ፣ ሥራህን ያዝ ለማለት ነው። ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ባይባል ይሻላል፤ የእሱ ሌሊት መቼ እንደሚነጋ ጎረቤቱ ሊነግረው አይችልም።

ዛሬ በከተማ ብዙው ሰው ለጨፋሪ ልጆች የሚሰጠው ብር ነው፤ ዳቦም ቢሰጥ ከዳቦ ቤት የተገዛ ነው። አልፈርድም፤ ልጆቹም ብሩን ይመርጣሉ። በዋሽንግተን ያሉ እናቶች በኤሌክትሪክ ምድጃ ሙልሙል ሲጋግሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ቡሄ እዚያ ኦገስት 19 ቀን በሙቀት መሀል ይውላል፣ ሰዉ ክረምት የሚለው በረዶም ገና ከፊት ነው። እዚያ የሚሠራው ሁለተኛው ስንኝ ብቻ ነው።