የቤተሰብ ዓመታዊ ፎቶ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥሩ ካሜራ ከሌለ አይጀመርም።»

የዚህ ፎቶ ዓላማ በየዓመቱ የተነሱትን ጎን ለጎን አይቶ የዕድሜን ለውጥ መከታተል ነው፤ ካሜራ ደግሞ በዓመታት ውስጥ መቀየሩ አይቀርም። መቀየር የሌለበት በካሜራውና በፊት መካከል ያለው ርቀት ነው። የፊትን ቅርጽ ያዛባል ተብሎ የሚወቀሰው ሌንሱ ቢሆንም ዋናው ምክንያት ርቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ፊት ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ይልቅ አፍንጫውን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። እናት አምና በሰልፊ፣ ዘንድሮ ደግሞ ራቅ ብላ ከተነሳች፣ ለውጡ የዕድሜ ይሁን የርቀት በምን ይታወቃል? ወለሉ ላይ ምልክት አድርጎ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ማንሳት ከውድ ሌንስ ይበልጣል።

«ዕድሜ የሚታየው በመጨማደድ ነው።»

ብርሃንም ያስረጃል። ከጎን የሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን እያንዳንዷን መስመር በጥላ ያጎላል፤ ከፊት ለፊት መስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን ያንኑ ሰው ወጣት ያስመስለዋል። ስለዚህ መስኮቱም ሰዓቱም አይቀየር። ደግሞም ዕድሜ ከቆዳ በታችም ይሠራል፦ የፊት ስብ ይሳሳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመንጋጋ አጥንት ይቀንሳል፤ ጆሮ ይረዝማል። ይህን ከፊት ይልቅ ከጎን የተነሳ ፎቶ አጉልቶ ያሳያልና አንድ ጨምሩ። የስልኩን ፊት አሳማሪ ግን አጥፉት። በእሱ አምሮ የወጣ ፎቶ ለዚህ ሥራ ምንም አይረባም።

«ሁሉም ፈገግ ማለት አለበት።»

የለበትም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኒኮላስ ኒክሰን ባለቤቱንና ሦስት እህቶቿን እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2022 በየዓመቱ አንስቷል። የአቋቋም ቅደም ተከተላቸው አንድ ነው፤ ልብሱ፣ ቦታውና ስሜታቸው ግን ይለያያል፤ ፈገግታም እምብዛም አይታይባቸውም። አርጀንቲናዊው ፎቶ አንሺ ዲዬጎ ጎልድበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ያነሳው ሁልጊዜ ጁን 17 ቀን ነው። ሁለቱም ያጸኑት ጥቂት ነገር ነው፤ የቀረውን ለሕይወት ለቀውታል።

«አንድ ዓመት ካመለጠ አበቃ።»

አላበቃም፤ ቀጥሉ። ይልቅ ሕፃናት ፈጥነው ስለሚለወጡ ለእነሱ ዓመት ይረዝማል፤ በየሦስት ወሩ ይነሱ።

«ስልክ ላይ ካለ አይጠፋም።»

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ጥራቱ ይቀንሳል፤ የተነሳበት ቀን መረጃም አብሮት አይሄድም። ዋናውን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ አሳትሙና ስሙንና ቀኑን ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክርቢቶ ወረቀቱን ይጎዳል፣ ቀለሙም ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል።