የፋሲካ ዶሮ ሰኞ ጠዋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፋሲካ ማግስት አራት ኪሎ አካባቢ ያለውን የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ ከየቤቱ የሚሸተኝ አንድ ነገር ነው፤ እንደገና የሚሞቅ ዶሮ ወጥ። 55 ቀን ጾመን፣ ሽንኩርት ስንከትፍ አልቅሰን፣ ዶሮዋን በሎሚና በጨው ደጋግመን አጥበን፣ 12 ብልት አውጥተን የሠራነው ወጥ በአንድ እሁድ አያልቅም። ዘመዱም እስከ ዳግማ ትንሣኤ ይመላለሳል። የተረፈውን የምንይዘው ግን ብዙዎቻችን ከቤት ስንሰማ ባደግነው ነገር ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙው ጥሩ ነው። አንዳንዱ ግን ሆድ ያሳምማል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥሩ ምግብ ያስጥላል። ያን ያህል የተለፋበት ነገር ቆሻሻ ውስጥ ሲደፋ ሳይ ያንገበግበኛል።

«ቅቤና በርበሬ ስላለው ምድጃ ላይ ቢያድር ምንም አይሆንም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ዶሮ ወጥ ሲያድር መጣፈጡ እውነት ነው፣ ቅመሙ ሥጋውና እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ጥያቄው የት ያድራል ነው። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባበታል፤ ስለዚህ ከምድጃ ከወረደ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ማታ ከድናችሁ የተዋችሁት ድስት እኩለ ሌሊት ላይ ብትነኩት መሐሉ ገና ለብ ያለ ነው። ከላይ የረጋው ቅቤ ወጡን ይጠብቀዋል የሚባለውም ልክ አይደለም። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ የሚመቸው አየር የሌለበት ቦታ ነው፣ መፍላትን የሚቋቋም ዘርም አለው። ቅቤ የተከደነበት ለብ ያለ የሥጋ ወጥ ለእሱ ጥሩ ቤት ነው።

አንድ ዓመት እኛ ቤት ሰኞ ጠዋት እንዲህ ካደረ ወጥ ፍርፍር ተሠራ። ሌሊቱን አራታችንም ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሲያመላልሰን አደርን።

«ካልሸተተ አልተበላሸም»

ያ የኛ ወጥ አልሸተተም። አልኮመጠጠም። ጣዕሙም ደህና ነበር። ምግብን የሚያሸቱት ባክቴሪያዎችና ሰውን የሚያሳምሙት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ለምሳሌ ሳልሞኔላ ያለበት ምግብ ሽታውም መልኩም ላይለወጥ ይችላል። የሸተተውን ድፉት፣ እሱ ግልጽ ነው። ያልሸተተውን ግን በአፍንጫ ሳይሆን በሰዓት ነው መመዘን ያለባችሁ።

«በደንብ ካንተከተኩት ሁሉም ይሞታል»

ማንተክተክ ግዴታ ነው። የተረፈ ምግብ መሐሉ ድረስ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱም ከበቂ በላይ ነው፣ ብቻ ከዳር ዳር ቡልቅ ቡልቅ ስላለ እንዳታወርዱት፣ እያማሰላችሁ መሐሉም ይፍላ። ግን ሙቀት የማይነካው ነገር አለ። እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች ምግቡ ላይ የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ሌሊቱን ውጭ ያደረን ወጥ ጠዋት ማንተክተክ አያድነውም የምለው ለዚህ ነው።

«ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል»

ወጡን ውጭ የሚያሳድረው ብዙ ጊዜ ይኼ ፍርሃት ነው፤ «ይብረድና እናስገባዋለን» ይባላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደናል። የሚፋጀውን ትልቅ ድስት እንዳለ ማስገባት ትክክል እንዳልሆነ እስማማለሁ፣ አጠገቡ ያለውን ምግብ ያሞቃል። መፍትሔው ማከፋፈል ነው። የበዓሉ ማታ፣ እንግዳው እንደወጣ፣ ወጡን ዝርግ በሆኑ ዕቃዎች ቀንሱት፤ ከአራት ጣት በላይ ጥልቀት አይኑረው። እንፋሎቱ ሲቀንስ ክደኑና አስገቡ። ለብ ያለ ቢሆንም ፍሪጁ ምንም አይሆንም።

እዚያው ሒሳቡን ሥሩ። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። ከፋሲካ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ግን አንድ ሳምንት አለ፤ ስለዚህ ግማሹ በዚያችው ማታ ፍሪዘር ይግባ። እንቁላሎቹን ቀድማችሁ አውጡ፣ የተቀቀለ እንቁላል ከበረዶ ሲወጣ ነጩ ጎማ ይሆናል። መብራት ከጠፋ ደግሞ በሩን አትክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

«ትራፊ ማለት ያው ፍርፍር ነው»

ፍርፍርን ማንም አይንቅም፣ እኔም አልንቅም። ግን ሦስት ቀን ተከታታይ ፍርፍር ሲሆን ልጆቹ ሳህኑን ገፋ ማድረግ ይጀምራሉ፣ ወጡም እዚያው ይቀራል።

እኛ ቤት ማክሰኞ ሳምቡሳ ነው። ብልቱን ከአጥንት አላቅቄ ሥጋውን በእጄ በቀጭኑ እተለትለዋለሁ። ቁሌቱን ሰፊ መጥበሻ ላይ አድርጌ፣ ውሃው አልቆ ቅቤው ከዳር እስኪለይ ድረስ አማስለዋለሁ፤ እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፣ ቁሌቱ ከረጠበ ሊጡ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ከዚያ ሥጋውን አቀላቅዬ፣ ቃሪያና ጥሬ ሽንኩርት በደቃቁ ጨምሬ፣ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ እጠቀልላለሁ። ሁለት ብልት ለአሥራ አምስት ሳምቡሳ ይበቃል።

ቁሌቱ ብቻ ከተረፈ በሁለት ቲማቲም አቅጥኑትና ፓስታ ላይ አፍሱት። እንቁላሉን ከአይብ ጋር በሹካ ዳምጣችሁ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ ነስንሳችሁ በዳቦ ብሉት፤ ለቁርስ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ክትፎ ከተረፈ ደግሞ በጥሬው ወይም ለብ ለብ ተደርጎ በማግስቱ አይበላም። የተፈጨ ሥጋ ከሙዳ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል፣ የኮሶ ትልም አለ። በማግስቱ ሽንኩርት አቁላልታችሁ ምንቸት አብሽ አድርጉት፣ ቅቤው ራሱ ውስጡ ስላለ አትጨምሩ። ከቅርጫ የተረፈ ሙዳ ካለ ሳይውል ሳያድር በቀጭኑ ተልትላችሁ፣ ጨውና በርበሬ አሽታችሁ፣ ንፋስ በሚገባበት ቦታ ለቋንጣ ስቀሉት። ወፍራም ከሆነ ውጩ ደርቆ ውስጡ ይሸታል።

«ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል»

ይደርቃል እንጂ። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ስታርች ተመልሶ ይጠነክራል፣ ይኼ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይፈጥናል። ድፎውን ለሁለት ቀን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ የተረፈውን ቆራርጣችሁ ፍሪዘር። የደረቀውም ቢሆን አይጣልም፤ በእንቁላልና በወተት ነክራችሁ ጥበሱት፣ ወይም በቅቤና በበርበሬ ዳቦ ፍርፍር ይሁን።

«የእንጀራውን ሻጋታ ቆርጬ ቀሪውን እበላለሁ»

አይሆንም። እንጀራ ለስላሳና ዓይናም ስለሆነ የሻጋታው ክር ዓይን ከሚያየው በላይ ዘልቆ ይገባል። ሳይሻግት መቅደም ነው፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ቆራርሳችሁ ሰፌድ ላይ አስጡትና ድርቆሽ ይሁን። ድርቆሽ ወራት ይቀመጣል።

«ትራፊ ለሰው ማቅረብ ነውር ነው»

ነውሩ አያያዙ ላይ ነው። ለጎረቤት ወይም ለግቢው ጥበቃ የሚሰጥ ካለ የበዓሉ ማታ፣ ትኩሱን፣ በንጹሕ ዕቃ ስጡ፤ እኛ የሰለቸንን በአራተኛው ቀን አይደለም። እንግዳም ቢሆን ያው ነው። ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ማክሰኞ ከሰዓት ድንገት መጣች። ሳምቡሳውን በሻይ አቀረብኩላት። የዶሮ ወጡ እንደሆነ ስነግራት አንዱን ገምሳ ውስጡን አየች፣ ከዚያ «ቁሌቱን እንዴት አደረቅሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስትሄድ ስድስት ቋጠርኩላት።