የቤተ ክርስቲያን ደን ምንድን ነው?

ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ታርሶ በተራቆተው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ብቅ ይላል። መሐሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ለአገሬው ሰው መንገር አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ደን የሚባለው ይህ ነው፦ በቅጽሩ ዙሪያ ሳይመነጠር የቆየ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ። ጎንደር ከተማ ውስጥም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ሊሳለም የመጣ ሰው ሥዕሉን ከማየቱ በፊት በዛፍ ጥላ ሥር ያልፋል።

መምህራኑ ነገሩን ከዘፍጥረት 2፥15 ይጀምራሉ፤ አዳም ገነት የተሰጠችው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው። ገበሬው ግን ዛፉን የሚተወው ጥቅስ ጠቅሶ ሳይሆን «የታቦቱ ነው» ብሎ ነው። የቆረጠ ይቀሠፋል የሚል ፍርሃትም አለበት። በዚያ ላይ ደኑ ሥራ አለው፤ ሙት ይቀበርበታል፣ የአብነት ተማሪ ጎጆ ይቀልስበታል፣ የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለትም አስቦ ሊደርስ፣ ገለል ይልበታል።

ብዙዎች በጸሐፊነቱ የሚያውቁት የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ያጠናቸው 28 አብያተ ክርስቲያናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ይዘው ተገኝተዋል። በእርሻው መሐል ይህን ያህል ዘር የተረፈበት ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ሆኖም «የታቦቱ ነው» የሚለው ክብር ትልቁን ዛፍ ከመጥረቢያ ያድናል እንጂ ችግኙን ከፍየል አያድንም። አጥር በሌለበት ከብት እየገባ የበቀለውን ይግጣል፣ መሬቱን ይረግጣል። ስለዚህ ከላይ ግርማ ያለው ደን ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌ ብቻ እንደቀረበት መንደር። ጥሩ መላ ሆኖ የተገኘው የድንጋይ ካብ ነው። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ስለሆነ እርሻው ይጠራለታል፣ ደኑም ይታጠራል። ካህናቱና ምእመኑ ራሳቸው የካቡት አጥር ጠባቂ አያጣም።

ሌላው ፈተና ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ አጣናው ይሸጣል፣ ደብሩም ገቢ ያገኛል። በዚህ የተነሣ የደብሩን ሰበካ ጉባኤ መውቀስ አይገባም፤ ለካህናት ደመወዝና ለጣሪያ ቆርቆሮ ገንዘብ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ግን ከካቡ ውጭ ይተከል። ወይራው በወደቀበት ባሕር ዛፍ ከተተካ ቅጽሩ ከሩቅ አረንጓዴ ይመስላል እንጂ የቀድሞው ደን አይደለም።